ግፊቴ ወርዷል፤ መድኃኒቱን ላቁም?

አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒት በጀመረች በአራተኛው ወር ተለክታ 124 በ78 ሆነላት። ደስታዋን አልቻለችውም። «ዳንኩ እኮ ልጄ!» አለችኝ በስልክ። በዚያው ሰሞን ኪኒኑን ተወችው። ማንንም አላማከረችም፤ ለዳነ በሽታ ምን ምክር ያስፈልጋል? ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሲለኳት 172 በ100 ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ሁለት ወራት ራሷን አላመማትም፣ አላዞራትም፣ እንቅልፏም ሰላም ነበር።

እንዲህ ያደረገች እሷ ብቻ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 1.4 ቢሊዮን ያህል ሰው ከደም ግፊት ጋር ይኖራል። ግፊቱ በቁጥጥር ሥር የዋለለት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነው። ከቀሪዎቹ አንዳንዱ በሽታው እንዳለበት አያውቅም። አንዳንዱ መድኃኒት አያገኝም። ሌላው ደግሞ ይጀምርና ይተወዋል። እዚህ በዋናነት የማወራው ለዚህ ለመጨረሻው ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

ልብ ስትኮማተር ደም ወደ ደም ሥሮች ትገፋለች። በዚያ ቅጽበት የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋው ኃይል የላይኛው ቁጥር ነው። ልብ ላላ ብላ እንደገና በደም ስትሞላ የሚቀረው ግፊት ደግሞ የታችኛው። የሚለኩት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ድሮ መለኪያው በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ስለነበር ስሙ እንዲሁ ቀረ።

በአብዛኛው ዓለም፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የደም ግፊት አለበት ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ቁጥር ማለፉ ይበቃል። የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ መስመሩን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ወደ 130 በ80 ዝቅ አድርጎታል።

ግፊት ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። ደረጃ ሲወጡ፣ ሲናደዱ፣ ሲስቁም ይጨምራል፤ ሲተኙ ይወርዳል። ይህ ጤነኛ ነገር ነው። በሽታ የሚሆነው አርፈው በተቀመጡበት ሰዓትም ከፍ እንዳለ ሲቀር ነው።

ከፍ ብሎ የሚቀረውስ ለምንድን ነው?

አብዛኞቹ ሰዎች ላይ «ይሄ ነው» የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። ዘር አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ጨው፣ ክብደት፣ አልኮል፣ ያለመንቀሳቀስ አለ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ።

ነገሩን ለዓመታት ይዞት የሚቆየው ግን በብዛት ኩላሊት ነው። ሰዎች ደም ግፊት ሲባል ልብን ብቻ ስለሚያስቡ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጤነኛ ኩላሊት ግፊት ሲጨምር ጨውና ውሃ በሽንት አብዝቶ ያስወጣል፤ ግፊቱም ይመለሳል። የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ ይህ ሚዛን ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሯል። ኩላሊቱ 160ን እንደ ልክ ይቆጥረዋል።

የውሃ ታንከር ያስቡ። ውስጡ የሚንሳፈፍ ኳስ አለ። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይልና ቧንቧውን ይዘጋዋል። ኳሱ ከልኩ በላይ እንዲዘጋ ሆኖ ከተገጠመ ታንከሩ ሁልጊዜ አፉ ድረስ ይሞላል። ጥቂት ባልዲ ቀድተው ቢያጎድሉት ቧንቧው ይከፈትና እዚያው መስመር ድረስ መልሶ ይሞላዋል። መድኃኒት ማለት ኳሱን ወደ ላይ ደግፎ ቀደም ብሎ እንዲዘጋ የሚያደርግ እጅ ነው። እጁ እስካለ ድረስ ውሃው ዝቅ ብሎ ይቆያል። እጁ ሲነሳ ግን ኳሱ የተገጠመው ያው የድሮ ቦታው ላይ ነው።

የአክስቴ 124 በ78 የመጣው እንዲህ ነው። ቁጥሩ መድኃኒቱ መሥራቱን ነው የተናገረው። እሷ ግን በሽታው መሄዱን የተናገረ መሰላት።

ምንም ሳያመኝ ለምን እታከማለሁ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። የደም ግፊት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ምንም ምልክት የላቸውም። «ግፊቴ ሲጨምር ይታወቀኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሲለካ ግን ስሜቱና ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ራስ ምታት በመቶ ምክንያት ይመጣል። ግፊቱ 180 ሆኖ ጭንቅላቱን ቅልል የሚለው ሰውም አለ።

ጉዳቱ የሚጠራቀም ነው። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች። እያንዳንዱ ምት ከልኩ ትንሽ ሲበረታ የደም ሥሩ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ ውስጡም ይሻክራል። ልብ ራሷ ከባድ ዕቃ እንደሚያነሳ ክንድ ጡንቻዋ ይፈረጥማል። ይህ መልካም ዜና አይደለም፤ የወፈረ ልብ እንደ ልቡ ላልቶ በደም መሞላት ያቅተዋል። የኩላሊት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ጠባሳ ይይዛሉ፤ ጠባሳ የያዘ ኩላሊት ደግሞ ግፊቱን የባሰ ይጨምረዋል። በዓይን ጀርባና በአንጎል ውስጥ ያሉ ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮችም ይጎዳሉ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት መድከም ወይም የማስታወስ ችግር ሥሩ እዚህ ነው።

ሳይታከም ሲቀር የት እንደሚደርስ በታሪክ የታወቀ አንድ ምሳሌ አለ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 በልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። በዚያን ጊዜ ግፊትን በደንብ የሚያወርድ፣ ሰውም ሊችለው የሚችል መድኃኒት አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ተቀምጠው ሥዕላቸው እየተሳለ ሳለ ከጭንቅላታቸው በስተኋላ ከባድ ሕመም ተሰማቸው። ራሳቸውን ሳቱ። ሲለኩ ግፊታቸው ከ300 በ190 አልፏል። በዚያው ቀን አንጎላቸው ውስጥ በፈሰሰ ደም ሞቱ። 63 ዓመታቸው ነበር። የዚያን ዘመን ኃያል ሰው ያላገኙትን መድኃኒት ዛሬ ተራ ሰው በቀን አንድ ፍሬ ይውጠዋል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህ ነው።

መድኃኒት ሕይወት እንደሚያተርፍ በጥንቃቄ በተሠራ ሙከራ የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ግፊታቸው በጣም ከፍ ያለ 143 ወንዶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። ስትሮኩም፣ የልብ ድካሙም፣ ሞቱም በባዶው ኪኒን ወገን በዛ። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ እየጨመረ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ የላይኛውን ቁጥር በ10 ነጥብ ማውረድ ስትሮክን በ27 በመቶ፣ የልብ ድካምን በ28 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት መሞትን በ13 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አሥር ነጥብ ማለት ብዙ ጊዜ የአንድ ኪኒን ሥራ ነው።

ታዲያ ዕድሜ ልክ ልውሰድ?

ለአብዛኛው ሰው መልሱ አዎ ነው። ይህን መስማት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ሲያቆሙት ግፊቱ በቀናት ወይም በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ቀስ ብሎ ስለሚመለስ ነው ሰውን የሚያታልለው። በሦስተኛው ቀን ተለክቶ «ያው ደህና ነኝ» ያለ ሰው በሦስተኛው ወር አይለካም።

መቀነስ የሚቻልባቸው ጊዜያት አሉ። ብዙ ክብደት የቀነሰ፣ ጨው የተወ፣ መጠጥ ያቆመ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይችላል። አልፎ አልፎም ጨርሶ ሊቆምለት ይችላል። ይህ ግን ከሐኪም ጋር፣ ደረጃ በደረጃ፣ እየተለኩ የሚደረግ ነው። በተለይ እንደ አቴኖሎልና ክሎኒዲን ያሉ መድኃኒቶች በአንዴ ሲቋረጡ ግፊቱም የልብ ምቱም በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። እነዚህን በራስ ውሳኔ መተው አደገኛ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ሱስ ይሆንብኛል» ይላል። የግፊት መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ሲቀር የሚመለሰው በሽታው ራሱ ነው።

«ኩላሊት ይጎዳል» ይባላል፤ እውነት ነው?

በየሰዉ አፍ ያለ ወሬ ነው። ብዙ ሰውም በዚሁ ፍርሃት መድኃኒቱን ትቶታል። ኩላሊትን የሚጎዳው ከፍ ያለው ግፊት ነው። በዓለም ላይ ኩላሊትን ከሚያደክሙ ምክንያቶች ከስኳር በሽታ ቀጥሎ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው የደም ግፊት ነው። እንዲያውም እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉት ኩላሊትን ለመጠበቅ ተብለው የሚታዘዙበት ጊዜ አለ።

ወሬው ከምንም አልተነሳም። እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ትንሽ ከፍ ሊል፣ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በተጀመሩ በሳምንታት ውስጥ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ያን ምርመራ አይዝለሉት። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት ደግሞ ቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ እነዚህ ሁለቱ ፅንስን ይጎዳሉ። ለእርግዝና የሚሆኑ ሌሎች አሉ።

በነገራችን ላይ የኢናላፕሪል ወገን የሆነው የመጀመሪያው ኪኒን ካፕቶፕሪል የተገኘው ከብራዚል እባብ መርዝ በተነሳ ምርምር ነው። እባቡ የነደፈው ሰው ግፊቱ ለምን ቁልቁል እንደሚወርድ ያጠኑ ሰዎች ናቸው መንገዱን የጠረጉት።

ሁሉም መድኃኒት የራሱ ጣጣ አለው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል። የሚያሸናው ኪኒን ሽንት ቤት ያመላልሳል። አንዳንዶቹ ሲነሱ ያዞራሉ። ወንዶች ላይ የወሲብ ችግር የሚያመጡም አሉ፤ ስንቱ ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን እንደጣለ ሐኪሞች ያውቁታል። ይናገሩት። ያስለው የነበረው በሎሳርታን ሲቀየርለት ሳሉ ይተወዋል። ምርጫው ብዙ ነው። ሳይናገሩ ካቆሙት ግን ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምራል።

ሁለተኛ ኪኒን ሲጨመርብኝ በሽታዬ ባሰ ማለት ነው?

አይደለም። ግፊት በብዙ መንገድ ይወጣል፤ በጨውና ውሃ፣ በደም ሥር መጥበብ፣ በሆርሞን። አንዱን መንገድ ሲዘጉት ሰውነት በሌላው ይሞክራል። ስለዚህ የአንዱን መጠን እጥፍ ከማድረግ የሌላ ዓይነት ትንሽ መጠን መጨመር ግፊቱን የተሻለ ያወርዳል፤ ጣጣውም ያነሰ ነው። አሁን ብዙ ሐኪሞች ከጅምሩ ሁለት ዓይነት በአንድ ፍሬ የያዘ ኪኒን የሚያዙት ለዚህ ነው።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ? በብሪታንያ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2022 የታተመ ጥናት ልዩነት አላገኘም። የማይረሱትን ሰዓት ይምረጡ።

ስንት ላይ ሲደርስ ነው «ተቆጣጠርኩት» የሚባለው?

ለአብዛኛው ሰው ቢያንስ ከ140 በ90 በታች። ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት የላይኛው ከ130 በታች ይመከራል። ከዚያ መውረድ ይጠቅማል ወይ የሚለውን ለመመለስ አሜሪካ ውስጥ 9,361 ሰዎች ላይ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። አንዱ ወገን ከ140 በታች፣ ሌላው ከ120 በታች እንዲሆን ታከመ። ከ120 በታች በተባለው ወገን ሞት በሩብ ያህል ስለቀነሰ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጊዜው በፊት ቆመ። በዚሁ ወገን ግን ራስ መሳትና የኩላሊት ችግርም በዝቷል። ስኳር ያለባቸውና ስትሮክ የመታቸው ሰዎችም አልተካተቱም። ስለዚህ መድረሻው ከሰው ሰው ይለያያል። ሲነሱ የሚያዞራቸው አዛውንትና የ45 ዓመት ጎልማሳ አንድ ቁጥር አይሰጣቸውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪምዎን «የእኔ መድረሻ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

አንድ ጊዜ መድረሱም አይበቃም። ግፊታቸው ብዙውን ጊዜ በመድረሻው ውስጥ የሚቆይላቸው ሰዎች፣ ወጣ ገባ ከሚልባቸው ያነሰ ስትሮክና የልብ ሕመም ያገኛቸዋል። የቀጠሮ ሳምንት ብቻ ኪኒን እየዋጡ የሚለኩ ሰዎች የሚያታልሉት ራሳቸውን ነው።

ቤቴ ስለካ ለምን የተለያየ ቁጥር ይመጣል?

አክስቴ መድኃኒቱን መልሳ ከጀመረች በኋላ መለኪያ ገዛን። በመጀመሪያው ቀን ከውጭ እንደገባች ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እግሯን አጣምራለች። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ ከሹራቧ በላይ ነው የታሰረው። ክንዷ ጭኗ ላይ ወድቋል፣ አፏ ወሬ አላቋረጠም። 158 አለ። ደነገጠች።

እንደገና ሞከርን። ሽንት ቤት ሄዳ መጣች። ጀርባዋን አስደገፈች፣ ሁለት እግሯን መሬት አስረገጠች። ሹራቧን አወለቀች። ክንዷን ጠረጴዛ ላይ፣ በልቧ ትክክል አሳረፍነው። አምስት ደቂቃ ዝም አልን፤ ለእሷ ከሁሉም የከበደው እሱ ነበር። 141 አለ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደገምነው፤ 138።

ሴትዮዋ ያችው፣ መለኪያውም ያው ነው። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ አለመውሰድም አለ። ጨርቁ ለክንድዎ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ወፍራም ክንድ ያለው ሰው ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል። መለኪያው የክንድ ቢሆን ከእጅ አንጓው ይመረጣል።

ከቀጠሮ በፊት ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩና ይጻፉት። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ መስመሩ 135 በ85 ነው፤ ሰው ቤቱ ሲሆን ስለሚረጋጋ ዝቅ ይላል። ሐኪም ፊት ብቻ ግፊቱ የሚጨምር ሰው አለ። ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤቱ የሚጨምርም አለ፤ የኋለኛው ካልተለካ አይታወቅም።

ጨው መቀነሱ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ በምግብም በታሸገም ነገር የገባው ሁሉ ተደምሮ፣ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በቻይና 600 መንደሮች ወደ 21 ሺህ ሰዎች የተካተቱበት፣ በ2021 የታተመ ጥናት አለ። በግማሾቹ መንደሮች ሩብ ያህሉ በፖታሲየም የተተካ ጨው ተሰጠ። ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ግን ይህ ጨው ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ወይም ፖታሲየም የሚጨምር መድኃኒት ለሚወስድ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይጠይቁ።

ክብደት መቀነስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ መጠጥ መቀነስ እያንዳንዳቸው የተወሰኑ ነጥቦች ያወርዳሉ። ከመድኃኒቱ ጎን የሚሄዱ ናቸው።

እየወሰድኩም ካልወረደስ?

በመጀመሪያ በእርግጥ እየተወሰደ መሆኑን በሐቀኝነት ማየት ነው። ቀጥሎ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይቁጠሩ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግፊት ይጨምራሉ። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒኖችና ስቴሮይዶችም እንዲሁ። በጣም የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ለዚያ መመርመር አለበት። የሚያሸናውን ጨምሮ ሦስት ዓይነት በትክክል እየተወሰደ ግፊቱ እንቢ ካለ፣ ሐኪሙ ከኩላሊት በላይ ባለችው ዕጢ ውስጥ አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን በዝቶ እንደሆነ ይመረምራል። የራሱ ሕክምና ያለው ችግር ነው።

አንድ ማታ ድንገት 180 ቢያሳየኝስ?

ደረት የሚያፍን ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ወይም የእጅ በአንድ ወገን መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ግራ መጋባት ወይም ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት አብሮ ካለ ደቂቃ ሳያጠፉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲነጋ እናያለን የሚባል ነገር አይደለም።

ምንም ምልክት ከሌለ ዝም ብለው ተቀምጠው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። አሁንም 180 በ120 አካባቢ ወይም በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያግኙ። ቶሎ ይውረድልኝ ብሎ ከታዘዘው በላይ ኪኒን መደራረብ ግን ይጎዳል። ከፍ ያለ ግፊት የለመደ አንጎል ግፊቱ በአንዴ ሲከሰከስበት ደም ያጥረዋል፤ እሱም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

አክስቴ አምና አንድ ማታ 182 በ104 አየች። የሚያማት ነገር አልነበረም። ደብተሯን ስትገልጥ የሁለት ቀን ቦታ ባዶ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሰንብታ ኪኒኑን ረስታዋለች። የዕለቱን አንድ ፍሬ ዋጠች፤ የሁለቱን ቀን ልደራርበው አላለችም። ተቀምጣ ቆይታ ደገመችው፤ 166። ጠዋት ሐኪሟ ጋ ደወለች። ከዚያ ወዲህ አንድ እሽግ ኪኒን ቦርሳዋ ውስጥ አይጠፋም።